ገበያው ወረደ፤ ምን ላድርግ? የአንባቢያን የገንዘብ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው። ረቡዕ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ከየአገሩ በሚገባ ዕቃ ላይ አዲስ ታሪፍ አወጁ። ሐሙስና ዓርብ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በሁለት ቀን ብቻ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። በቀጣዩ ማክሰኞ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ ፌብሩዋሪ 19 ከደረሰበት ጣሪያ 19 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ዋለ። በማግስቱ ታሪፉ ለአብዛኞቹ አገሮች ለ90 ቀን ይዘግይ ሲባል በአንድ ቀን 9.5 በመቶ ዘለለ። ሐሙስ ደግሞ ተመልሶ ወረደ።

ይህን የምጽፈው በጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2025 ነው። ዘንድሮ የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ ነገ ስቅለት ኒውዮርክም ገበያው ዝግ ነው። መለኪያው አሁንም ከጣሪያው 14 በመቶ ያህል ታች ነው ያለው።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የታክስ ሥራ ነው የምሠራው። ገበያው ነገ ወዴት እንደሚሄድ አልነግራችሁም፤ የሚያውቅ ሰውም እስካሁን አላጋጠመኝም። የማውቀው የሰዎችን ወረቀት ነው። ገበያ በወደቀበት ዓመት ሰው ያደረገው ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ሲሠራ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ከዚያ ተነስቼ ነው የምመልሰው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹን ሊያሳውቅ የሚችል ነገርም አውጥቻለሁ።

«ልጄ ሁሉንም ሽጪው ይለኛል»

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ሆቴል ውስጥ ጽዳት ክፍል ነው የምሠራው። 401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) አለኝ፤ «2030» የሚል ፈንድ ውስጥ ነው ያለው። ፌብሩዋሪ ላይ 148 ሺህ ዶላር ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጄ በስልኩ ከፍቶ ሲያሳየኝ 133 ሺህ ሆኗል። ያን ሁሉ ዓመት አልጋ አንጥፌ ያጠራቀምኩት ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ኮምፒዩተር ነው የተማረው፤ «እማ፣ ሁሉንም ሽጪው፤ ሲረጋጋ ትመለሻለሽ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የራሷን አውጥታ ደብረ ብርሃን የጀመረችውን ቤት ልትጨርስበት ነው። እኔም እዚያው የጀመርኩት ቤት አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጨረስ 20 ሺህ ዶላር ያህል ያስፈልገኛል። ጡረታ በ67 እወጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ምን ይሻለኛል?
(ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)

እትዬ፣ ልጅዎና ጓደኛዎ የሚሉት ነገር አንድ ይመስላል፤ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። 401ኬው ውስጥ እያለ አክሲዮኑን ሸጦ ወደማይዋዥቅ ፈንድ ማዛወር አንድ ነው። ገንዘቡን ከ401ኬው አውጥቶ በእጅ መያዝ ሌላ ነው። በውስጥ ማዛወር ታክስም ቅጣትም የለበትም። ማውጣት ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል። እርስዎ 59 ዓመት ከመንፈቅ ስላለፈዎት ከዚያ ዕድሜ በፊት በሚያወጣ ሰው ላይ የሚጣለው የ10 በመቶ ቅጣት አይነካዎትም፤ የገቢ ታክሱ ግን አይቀርም። 133 ሺውን በአንድ ዓመት ቢያወጡት ከደመወዝዎ ጋር ተደምሮ ከፍ ወዳለ የታክስ እርከን ያስገባዎታል። የፌደራሉና የቨርጂኒያው ሲደመር ገበያው ከወሰደብዎት 15 ሺህ እጥፍ ገደማ በታክስ ሊሄድ ይችላል። ገበያው የወሰደው ሊመለስ ይችላል። ለአይአርኤስ፣ ለፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የተከፈለው አይመለስም።

ለጓደኛዎ ዛሬውኑ ይደውሉላት። አውጥታው ከሆነ 60 ቀን ሳያልፍ ወደ አይአርኤ የጡረታ አካውንት ብታስገባው ታክሱ ይቀርላታል። ሲከፍሏት 20 በመቶ ቆርጠው ለፌደራል መንግሥት ልከውባት ይሆናል። ያንን ከሌላ ኪሷ አሟልታ ነው መመለስ ያለባት፤ የተቆረጠው በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ስትሠራ ይታሰብላታል።

አሁን ወደ እርስዎ ገንዘብ። ስልክ ከፍቶ «ስንት ቀረ?» ከማለት በፊት «ይህ ገንዘብ የሚያስፈልገኝ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ ለሰው ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። የእርስዎ ገንዘብ አንድ ክምር ቢመስልም ውስጡ ሦስት ነው። 20 ሺው የቤቱ ነው፤ የቀረው ሁለት ዓመት ነው። ከፊሉ በ67 ጡረታ ሲወጡ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኖሪያ ነው። የቀረው በ75ም በ80ም ዓመትዎ የሚበሉት ነው።

20 ሺውን እዚያው 401ኬው ውስጥ ወደ መኒ ማርኬት ወይም ስቴብል ቫልዩ ወደሚባል ፈንድ ያዛውሩት። በኤፕሪል 2025 መኒ ማርኬት በዓመት 4 በመቶ ገደማ ይከፍል ነበር። ይህን የምለው ገበያው ይወድቃል ብዬ አይደለም። ነገ ቢወጣም ምክሬ ያው ነው። የሁለት ዓመት ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ አናጢውና ግንበኛው ገበያው እስኪያገግም አይጠብቁዎትም። ቤቱ የሚጠናቀቅበት ጊዜ ሲደርስ በሁለት የታክስ ዓመት ከፍለው፣ ግማሹን በዲሴምበር ግማሹን በጃንዋሪ ቢያወጡት የታክሱ ሸክም ይቀላል። ሥራ ላይ እያሉ ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

የቀረውን አይንኩት። ፈንድዎ «2030» የተባለው በዚያ ዓመት አካባቢ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ስለተዘጋጀ ነው። ከአክሲዮን ጋር ቦንድም (ወለድ የሚከፍል የብድር ሰነድ) አለበት። ዓመቱ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ራሱ አክሲዮኑን እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። ገበያው 19 በመቶ ሲወርድ የእርስዎ 10 በመቶ ገደማ ብቻ የወረደው ለዚህ ነው። ማለትም ልጅዎ ዛሬ በድንጋጤ አድርጊ የሚልዎትን፣ ፈንዱ ቀስ በቀስ ሲያደርገው ኖሯል።

ልጅዎ «ሲረጋጋ ትመለሻለሽ» ያለው ከፍቅር ነው። ግን ሲረጋጋ ማለት መቼ ነው? ማክሰኞ ኤፕሪል 8 የሸጠ ሰው ረቡዕን አላገኛትም። ማክሰኞ ማታ ደግሞ ምንም የተረጋጋ ነገር አልነበረም። በጣም የሚዘሉት ቀኖች ብዙ ጊዜ በጣም ከሚወድቁት ቀኖች አጠገብ ነው የሚውሉት። አንድ የማውቃቸው የዲሲ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በ2009 መጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠበት ሰሞን፣ የጡረታ ገንዘባቸውን በሙሉ ሸጡ። መሸጡ ቀላል ነበር። መመለሱ አቃታቸው። ገበያው ትንሽ ሲወጣ «ይወርዳል፣ ያኔ እገባለሁ» ይላሉ። ትንሽ ሲወርድ «ይኸው፣ አላልኩም?» ይላሉ። ሲመለሱ ሌላው ሰው ያጣውን ሁሉ መልሶ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎት አልፈልግም። ገበያ ሁልጊዜ ቶሎ ይመለሳል የሚል ሰው ካለ አይመኑት። በ2020 ኮሮና ሲገባ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ወር ከጥቂት ቀን 34 በመቶ ወደቀ፤ ኦገስት ላይ መልሶ አገገመ። ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ግን 57 በመቶ ወድቆ የቀድሞ ጣሪያውን የደረሰው በማርች 2013 ነው። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። የጃፓኑ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የነበረበትን ያገኘው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ 34 ዓመት። እኔ ከአምስት ዓመት በታች የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ እንዳይቀመጥ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ኩባንያ ወይም በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ መደገፍንም የማልወደው በዚሁ ነው።

በሥራ ቀን 401ኬውን ወደሚያስተዳድረው ድርጅት ይደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ በስልክ ያቀርባሉ። መሸጥ እፈልጋለሁ አይበሉ። «20 ሺህ ዶላር ወደ መኒ ማርኬት ማዛወር እፈልጋለሁ፤ ከ401ኬው ማውጣት አልፈልግም» ይበሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጅዎ በእንግሊዝኛ ይጻፍልዎት።

«ማዋጣቱን ላቁም?»

29 ዓመቴ ነው፤ ሲያትል ነርስ ነኝ። ከደመወዜ 6 በመቶ ለ401ኬ አዋጣለሁ፤ ሆስፒታሉ 4 በመቶ ይጨምርልኛል። በየሁለት ሳምንቱ እያስገባሁ በየሁለት ሳምንቱ ሲቀንስ አያለሁ። ገበያው እስኪስተካከል ባቆምስ?
(ከሲያትል)

አታቁሚ፣ እህቴ። አንቺ ይህን ገንዘብ የምትፈልጊው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የምትገዢው አክሲዮን ከፌብሩዋሪው በርካሽ ነው የሚገዛው። ለሚገዛ ሰው ደግሞ ርካሽ ጥሩ ነው። ሆስፒታሉ የሚጨምርልሽ 4 በመቶ ካቆምሽ ይቀርብሻል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥሽም።

አንድ ብቻ ልጠይቅሽ። ሥራሽ ቢቋረጥ የሦስት ወር ኪራይና አስቤዛ፣ ለቤተሰብ የምትልኪውንም ጨምሮ፣ በባንክ አለሽ? ከሌለሽ ለጊዜው ወደ 4 በመቶ ዝቅ በዪና ልዩነቱን በባንክ አጠራቅሚ። ካለሽ ቀጥዪ። ስልክሽ ላይ ያለውንም አፕ ለጊዜው ብታጠፊው አልቃወምም።

«በብድር የገዛሁት»

ሰላም እህታችን። 36 ዓመቴ ነው፤ ዳላስ አካባቢ ኡበር እነዳለሁ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ እቁብ ደርሶኝ 12 ሺህ ዶላር አገኘሁ። ያለኝን 12 ሺህ ጨምሬ 24 ሺህ አደረግሁት። አፑ ማርጂን (ከአገናኙ ድርጅት ተበድሮ አክሲዮን መግዛት) ሲፈቅድልኝ 20 ሺህ ተበድሬ የቺፕና የሶፍትዌር አክሲዮን ገዛሁ። በኤፕሪል መጀመሪያ 44 ሺው 27 ሺህ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ሳልጠየቅ 10 ሺህ ያህሉን ሸጡብኝ። አሁን 19 ሺህ አክሲዮን፣ 10 ሺህ ዕዳ አለኝ። ወለዱ 12 በመቶ ነው። እቁቡ ገና አላለቀም፤ በሳምንት 300 እከፍላለሁ። ወንድሜ 8 ሺህ ሊያበድረኝ ፈቅዷል። በአንድ የቴሌግራም ቻናል የናስዳክን (የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበትን የአሜሪካ ገበያ መለኪያ) ሦስት እጥፍ የሚከፍል ፈንድ አለ ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ባስገባው ኪሳራዬን ቶሎ አልመልስም?
(ከዳላስ)

ወንድሜ፣ የወንድምህን 8 ሺህ አትንካ። ይህን መጀመሪያ ልበልና ሌላውን ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

ሳትጠየቅ የሸጡብህ በደል አይደለም፤ የፈረምከው ውል ይፈቅድላቸዋል። በማርጂን ስትገዛ የራስህ ድርሻ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። ብዙ ደላሎች 30 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። 44 ሺው 27 ሺህ ሲሆን ዕዳህ 20 ሺህ እንደሆነ ቀረ። ያንተ ድርሻ 7 ሺህ፣ 26 በመቶ ገደማ ሆነ። ሸጡ። የብድር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ባልተበደርክ ኖሮ 24 ሺህህ ወደ 15 ሺህ ገደማ ይወርድ ነበር። ያማል፤ ግን ቁጭ ብለህ ትጠብቅ ነበር። የሚያስወጣህ አልነበረም። የተበደረ ሰው መቼ እንደሚሸጥ የሚወስንለት አበዳሪው ነው። አበዳሪ ደግሞ የሚሸጠው ዋጋው በጣም በወረደበት ጠዋት ነው።

ሦስት እጥፍ ስለሚከፍለው ፈንድ ልንገርህ። ሦስት እጥፍ የሚከፍለው የእያንዳንዱን ቀን ለውጥ ነው። የወርና የዓመቱን አይደለም። መለኪያው 100 ነው እንበል። ዛሬ 10 በመቶ ወርዶ 90 ሆነ። ነገ 11.1 በመቶ ወጥቶ 100 ገባ። መለኪያው ምንም አልጎደለበትም። ያንተ ፈንድ ግን ዛሬ 30 በመቶ ወርዶ 70 ይሆናል። ነገ 33.3 በመቶ ሲወጣ 93 ከምናምን ላይ ይቆማል። ገበያው ወጥቶ ወርዶ ቦታው ተመለሰ፤ አንተ 7 ብር ያህል ከመቶ ጎደለብህ። እንደዚህ ወር ያለ ቀን በቀን የሚናወጥ ገበያ ለዚህ ፈንድ ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነው። ፈንዱ ለገዢዎች በሚያቀርበው ሰነድ ላይ ራሱ ለአንድ ቀን ግብይት እንደሆነ ተጽፏል።

የቴሌግራሙ ቻናል ምን እንደሚሸጥ አላውቅም። ገበያ በወደቀ ቁጥር ግን «ኪሳራህን ላስመልስልህ» የሚል ሰው በየቻናሉ ይበዛል። ለምክሩ የወር ክፍያ ከጠየቀህ፣ ወይም ገንዘብህን ለእሱ ላክልኝ ካለህ፣ ውጣ። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበትን ገንዘብ ለእንደነዚህ ሰዎች ልከው ቢሮዬ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ያኔ የምረዳቸው ነገር የለኝም፤ ያ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ ባንተ ቦታ ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት 10 ሺህ ያህል ሸጬ ዕዳውን እዘጋለሁ። 12 በመቶ ወለድ መክፈል ማቆም 12 በመቶ ማትረፍ ማለት ነው፤ እርግጠኛ ትርፍ ደግሞ በዚህ ገበያ አታገኝም። ማርጂኑን አፑ ላይ አጥፋው። 9 ሺህ ይቀርሃል። ከዚያ የእቁቡን ቀሪ ክፍያ አስላ። እቁብ የሰው ገንዘብ ነው፤ አንተ ቀድመህ በላህ፣ ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የሦስት ወሩን፣ 3,900 ዶላር፣ ባንክ አስቀምጠው። ኡበር ሲቀዘቅዝም መክፈል አለብህ። የቀረውን 5 ሺህ አክሲዮን ውስጥ ማቆየት ትችላለህ፤ በሁለት ሦስት ኩባንያ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ። ገበያውን በሙሉ የሚይዝ ርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ ይበቃል።

ስትሸጥ የምታስመዘግበው ኪሳራ ከንቱ አይሄድም። በዓመት እስከ 3 ሺህ ዶላር ከገቢህ ላይ ይቀነስልሃል፤ የተረፈው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። አንተ የኡበር ሹፌር ስለሆንክ ታክስ በየሩብ ዓመቱ ነው የምትከፍለው። ጁን 16 ያለውን ክፍያ ስታሰላ ለሚሠራልህ ሰው ንገረው።

«ለባለቤቴ አልነገርኳትም»

እኔና ባለቤቴ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ 90 ሺህ ዶላር አጠራቀምን። ባንክ ከሚቀመጥ ብዬ በጃንዋሪ ኤስ ኤንድ ፒ ፈንድ ገዛሁበት። ኦገስት ላይ ቤት ልንገዛ ነው፤ የባንክ ቅድመ ፈቃድም አግኝተናል። አሁን 78 ሺህ ሆኗል። ባለቤቴ ባንክ ያለ ነው የሚመስላት። እስከ ኦገስት ይመለሳል ወይስ ልሽጥ? ባይመለስስ ምን እላታለሁ?
(ከአትላንታ)

ወንድሜ፣ ቀን ያለው ገንዘብ ነው። ኦገስት አራት ወር ነው የቀረው። በአራት ወር ውስጥ ገበያው ሊመለስ ይችላል፤ 78 ሺው 60 ሺህ ሊሆንም ይችላል። የመጀመሪያው ቢሆን 12 ሺህ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቢሆን ቤቱ ይቀራል። ሽጥ። በሙሉ ሽጥ።

ግን ከመሸጥህ በፊት ለባለቤትህ ንገራት። ዛሬ ማታ ካልቻልክ ከፋሲካ በዓል አያልፍ። ለጥሩ ጸባይ ብዬ ብቻ አይደለም ይህን የምልህ። ብትሸጥ 12 ሺህ ኪሳራ ታስመዘግባለህ። ኪሳራው በጋራ በምታቀርቡት ታክስ ላይ ይወጣል። በዚያ ቅጽ ላይ እሷም ትፈርማለች። በዓመት 3 ሺህ ብቻ ስለሚቀነስ፣ ሌላ ትርፍ ከሌላችሁ በአራት ዓመት ቅጽ ላይ ይታያል። ሌላም አለ። በሸጥክ በ30 ቀን ውስጥ፣ በፊትም በኋላም፣ ያንኑ ፈንድ መልሰህ ከገዛህ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርልህም። ይህ ሕግ የባለቤትህን አካውንትም ይጨምራል። እሷ በራሷ አይአርኤ ያንን ፈንድ በየወሩ በራስ ሰር የምትገዛ ከሆነ ሳታውቅ ታበላሸዋለች። ስለዚህ ሳትነግራት በትክክል መሸጥ እንኳ አትችልም።

ስትነግራት «ገበያው ነው» አትበላት። ገበያውን እኮ እሷም በዜና ሰምታለች። የሚያስከፋት የጋራ ገንዘብ ሳትጠየቅ መሄዱ ነው። ስለዚያ ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ ቁጥሩን አብራችሁ አስቀምጡት። 78 ሺህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በ450 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 20 በመቶ 90 ሺህ ነው፤ አሁን ያላችሁ 17 በመቶ ከምናምን ነው። ከ20 በመቶ በታች ሲሆን የብድር ኢንሹራንስ በየወሩ ይጨመራል፤ ቅድሚያ ክፍያችሁ ወደ 20 ስለተጠጋ ግን ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድም ማስነሳት ይቻላል። ወይም የ390 ሺህ ቤት ፈልጉ። ወይም እስከ ሚቀጥለው የጸደይ ወራት ቆይታችሁ በየወሩ ጨምሩበት። ከሦስቱ የቱ እንደሚሻል እኔ ልነግርህ አልችልም፤ የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ። ውሳኔው ግን የሁለታችሁ ይሁን።

«የእኛስ አክሲዮን?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በጥቅምት በቴሌብር 100 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ30 ሺህ ብር ገዛሁ። ከዓመታት በፊት የገዛሁት የአንድ ባንክ አክሲዮንም አለኝ። የአሜሪካው ገበያ ወደቀ ሲባል ባልደረቦቼ «የእኛም ይወድቃል» አሉኝ። እውነት ነው?
(ከአዲስ አበባ)

መምህር፣ የኒውዮርክ መውደቅ በቀጥታ አይደርስብዎትም። የውጭ ኢንቨስተር ደንግጦ የኢትዮጵያ አክሲዮን ሸጦ ይወጣል የሚባል ነገር ይህን ስጽፍ፣ በኤፕሪል 2025፣ የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጃንዋሪ 10 ቀን 2025፣ በጥር መጀመሪያ 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ገና ጅምር ነው። በተዘዋዋሪ የሚመጣ ነገር ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ያለው ዘመድ ሥራው ከቀዘቀዘ የሚልከው ይቀንሳል፤ የቡና ገዢዎችም እንዲሁ።

የእርስዎ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የባንክ አክሲዮንዎ ባለፉት ዓመታት አንድም ቀን ወርዶ አላዩትም። ያልወረደ ስለሆነ አይምሰልዎት፤ በየቀኑ ዋጋ የሚነግርዎት ስላልነበረ ነው። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ደረሰ። ያ ሁሉ ሲሆን የአክሲዮን ምስክር ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ትርፍ ድርሻው ሲከፈልዎት የሚገዛውን ጤፍ ከድሮው ጋር ያስተያዩት፤ የእርስዎ መውረድ በዚያ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው አደጋ መሸጥ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ዛሬ ከሸጠ ነገ ገንዘቡ ይገባለታል። በኢትዮጵያ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ የሚሸጠው ገዢ ራስዎ ፈልገው፣ በዋጋ ተስማምተው፣ ውል አስጸድቀው፣ በባንኩ የአክሲዮን ክፍል አዛውረው ነበር። በችኮላ የሚሸጥ ሰው በርካሽ ይሸጣል። ስለዚህ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ አክሲዮን አይግዙበት። የኢትዮ ቴሌኮሙን 30 ሺህ የረጅም ዓመት ገንዘብ አድርገው ይቁጠሩት።

የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የባንክዎ አክሲዮን አንድ ቀን በገበያው ከተመዘገበ በየቀኑ ዋጋ ማየት ይጀምራሉ። አንዳንዱ ቀን ከ300 ብሩ በታች ሊያዩት ይችላሉ። ያን ቀን ባልደረቦችዎ ሽጥ ይሉዎታል። እርስዎ ግን የኩባንያውን ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርት ይጠይቁ፤ ባለአክሲዮን ስለሆኑ መብትዎ ነው። ትርፉ ጨመረ ወይ፣ ዕዳው ስንት ነው፣ ትርፍ ድርሻ ከፈለ ወይ? ከቻሉ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይገኙ። አድራሻዎ ወይም ስልክዎ ተለውጦ ከሆነ አሁኑኑ ያሳድሱት፤ የጉባኤው ጥሪና የትርፍ ድርሻው መልእክት በዚያ ነው የሚመጣው።